ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ዘር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እግዚአብሔር ለእናቴ ያደረገላትን ልመስክር ስል ዓመታት አለፉ። ዛሬ ግን ዝም ማለት ከበደኝ።

የራያ ቆቦ ገበሬ ልጅ ነኝ። በእኛ አገር በሚያዝያ ከዘነበ ማሽላ ይዘራል። ያ ከቀረ ሐምሌን ጠብቆ ጤፍ ነው፤ ጤፉም እንቢ ካለ በክረምቱ መውጫ ሽምብራ። በ2007 ሦስቱም ከዱን። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ጠወለገ፣ ጤፉ በቅሎ በነሐሴ ፀሐይ ነደደ፣ ለሽምብራ የሚሆን እርጥበትማ ከየት ይምጣ። ኤልኒኖ የሚሉት የአየር መዛባት ነው አሉን። በፍልሰታ ምሕላ ተይዞ ሽማግሌው ከሕፃኑ ጋር «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲል ይውላል፤ ደመናው ዞብል ተራራ ላይ ይቆለልና ማታ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ጳጉሜን 3 ቀን እንኳ፣ ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው የሚጠመቁባት፣ እናቶች ቡኮ ላይ ጠብ የሚያደርጓት የሩፋኤል ዝናብ ቀረች። እናቴ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ታኅሣሥ ላይ በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው በሬዲዮ ሰማን። እኛም ከዚያ ቁጥር ውስጥ ነበርን፤ ስንዴ እየተሰፈረልን ከረምን። ከጥማዳችን አንዱ በሬ በማይረባ ዋጋ ተሸጠ። እኔም ቆረጥኩ፦ በጅቡቲ አድርጌ፣ ባሕሩን ወደ የመን ተሻግሬ፣ ከዚያ ሳዑዲ። ብዙ አብሮ አደጎቼ የሄዱበት መንገድ ነው፤ ድምፃቸው እስከ ዛሬ ያልተሰማ አሉ። ከደላላው ጋር የተቃጠርነው ለፋሲካ ማክሰኞ ነበር።

እናቴ አትሂድ ብላ አልተሟገተችኝም። ከምድጃው በላይ ጭስ እየጠጣ የተሰቀለ የዘር ማሽላ ነበራት፣ ደገላት የሚባለው ዝርያ፤ ዐሥራ አምስት ራስ ቢሆን ነው። በዚያ ሁሉ ችግር አላስነካችውም። ታናሽ እኅቴ «እማ፣ ቆልተን እንብላው» ስትላት «የወንድምሽ ነው፤ ይዘራዋል» ትላታለች። ሌሊት ስባንን ወደ ማሽላው ቀና ብላ «ጌታዬ፣ ልጄ በእጁ ይዝራው» ስትል እሰማለሁ። ከጥር እስከ ሚያዝያ ያችኑ አንዲት ልመና።

በ2008 ፋሲካ ሚያዝያ 23 ዋለ፣ በጊዮርጊስ ዕለት። ዓርብ ስቅለትን ሰግደን፣ ጉልበታችን ዝሎ ቤት ገባን። ከመሸ በኋላ መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ ከርሞ የደረቀ አፈር ጠብታ ሲነካው የሚሸተውን። ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ሌሊቱን ሙሉ ወረደ! እኛ ወንዶቹ አካፋ ይዘን፣ ከተራራው የሚመጣውን ጎርፍ ወደ ማሳችን ልንጠልፍ በጨለማ ሮጥን። በየማሳው ሰው ይጣራል፣ ይስቃል፣ ያለቅሳል። ሲነጋ አባቴ ተንበርክኮ እጁን አፈሩ ውስጥ ሰደደና እስከ ክርኑ የጨቀየውን ክንዱን ዝም ብሎ አሳየኝ። ቅዳሜ ካህኑ ቄጤማ ሲያድሉ እናቴ የእኔን በጭቃ እጇ ራሴ ላይ አሰረችልኝ። ስለ ማክሰኞ አልጠየቀችኝም።

ማክሰኞ ደላላው ደጋግሞ ደወለ። አላነሣሁም።

እንደኛ ጸልየው፣ እንደኛ አልቅሰው ልጃቸውን ባሕር የበላባቸው እናቶች አሉ። ይህን ለምን እንዳደረገ ለራሱ ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ፤ ለእናቴ ያደረገላትን ግን መደበቅ አልችልም።

ዳግም ትንሣኤ ሲያልፍ የእኛን አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ ጠምደን አረስን። እናቴ ማሽላውን አውርዳ በእጇ ፈለፈለችው፣ ጥቀርሻውን እፍ ብላ በቁና ሰጠችኝ። ጣቶቼ እየጠቆሩ ዘራሁት። እሷ ከማሳው ጫፍ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየኝ ነበር። በኅዳር ማሽላው ከቁመቴ በላይ ሆነ፤ ማጭድ ሳይነካው ቀድማ ገብታ ደህና ደህናውን ራስ መረጠችና ከዚያው ምድጃ በላይ ሰቀለችው።