ጥቅምት ሲጋመስ ቢራቢሮ ፍለጋ፦ ኬፕ ሜይ

ሀገር ቤት ጥቅምት አበባ ነው። እዚህ አሜሪካ ግን ፎል የሚሉት ወቅት ገፍቷል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ሰዉ ጃኬት ያወጣል፣ ቢራቢሮ ፍለጋ ሄድኩ ያለውን ሰው ጤናውን ይጠራጠሩታል። በፈረንጆቹ ኦክቶበር ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው ወደ ኬፕ ሜይ የሄድኩት። ኬፕ ሜይ የኒው ጀርዚ ደቡባዊ ጫፍ ናት። በአትላንቲክና በዴላዌር ባሕረ ሰላጤ መካከል እንደ ምላስ ወጥታ የምታልቅ መሬት በመሆኗ፣ ከሰሜን የሚወርደው ጭልፊትም ሞናርክ ቢራቢሮም እዚያ ደርሶ ፊቱ ውኃ ሲሆንበት አረፍ ይላል። ብዛት የሚፈልግ ሰው በመስከረም ይሂድ። እኔ ብዛት አልፈለግኩም። ዘግይቶ የሚመጣው ቢራቢሮ ብርድ ስለሚያስረው አንድ አበባ ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ አጠገቡ ተቀምጦ ክንፉን መስመር በመስመር ማየት ይቻላል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ተነስቶ ቤይ ብሪጅ የሚሉትን የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ድልድይ ከተሻገሩ በኋላ እስከ ሉዊስ፣ ዴላዌር ድረስ የታጨደ በቆሎ ነው፤ ሌላ የማወራው የለኝም። ከሉዊስ መኪና በሚጭነው መርከብ 17 ማይሉን በ85 ደቂቃ መሻገር ይቻላል። በዚህ ወቅት ምልልሱ ስለሚቀንስ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ዙሪያውን በድልድይ መንዳትም ይቻላል፤ ግን መርከቡ ራሱ የመመልከቻ ቦታ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ማደሪያውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ስልክ ላይ 94 ዶላር ያለው ክፍል፣ ጠረጴዛው ጋ ስደርስ ግብሩ፣ “የመዝናኛ ክፍያው” ምኑ ቅጡ ተደምሮ 131 ሆነ። መዋኛው ከተዘጋ ወር አልፎታል፤ ምን እንደምዝናናበት ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ማሞቂያው በየሃያ ደቂቃው እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ይነሳል። ከወቅት ውጭ የምትሄዱ ሁሉ የመጨረሻውን ጠቅላላ ዋጋ በስልክ አስነግራችሁ ያዙ።

የመጀመሪያው ቀን ከንቱ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ማወቁ ግን ይጠቅማል። ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ሰማዩ ደመና፣ ሙቀቱ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ። ሞናርክ የክንፉ ጡንቻ ወደ 13 ዲግሪ ካልደረሰ በደንብ መብረር አይችልም፤ ፀሐይ ካለ ክንፉን ዘርግቶ ሞቆ ይነሳል፣ ደመና ከሆነ ግን ዛፍ ላይ ተለጥፎ ይውላል። የደቡብ ነፋስ ደግሞ ወደ ደቡብ የሚሄደውን ሁሉ ፊት ለፊት ይገፋዋል። የምትፈልጉት ቀዝቃዛ አየር ከሰሜን ምዕራብ ነፍሶ ካለፈ በኋላ ያለውን አንደኛውን ወይም ሁለተኛውን ጥርት ያለ ቀን ነው። ያ ነፋስ ቢራቢሮዎቹን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ገፍቶ ጫፉ ላይ ያከማቻቸዋል። ስለዚህ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት የሙቀቱን ትንበያ ብቻ ሳይሆን የነፋሱን አቅጣጫ እዩ። እኔ ቅዳሜና እሑዴን ይዤ ሄድኩ፤ ነፋሱ የኔን የሥራ ፈረቃ አያውቅም። በአምስት ሰዓት ውስጥ ያየሁት አንድ ክንፈ ቦጫቃ ቢራቢሮ ነው።

ሌሊቱን ነፋሱ ዞረ። ጠዋት የመስኮቱ መስታወት ቀዝቅዞ ሰማዩ ታጥቦ አደረ። ሰዓቱን በሀገር ቤት አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በዚህ ወቅት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል በፊት መውጣት እንቅልፍን ማባከን ነው። ዋናው ሰዓት ከ5 እስከ 9 ነው።

ኬፕ ሜይ ፖይንት በሚባለው የመንግሥት ፓርክ መግቢያም መኪና ማቆሚያም በነፃ ነው። በፈረንጆቹ 1859 የተሠራው የመብራት ማማ 199 ደረጃ አለው፤ ለቢራቢሮ አይጠቅምም፣ አልወጣሁም። ከማማው አጠገብ ባለው የእንጨት ሰገነት ላይ ጭልፊት የሚቆጥሩ ሰዎች ሁሉም አንገታቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለዋል። ቢራቢሮ ፈላጊ ብቻውን መሬት መሬት ሲያይ የወደቀ ቁልፍ የሚፈልግ ይመስላል።

መፈለጊያው ቦታ ሦስት ነገር የተገናኙበት ነው፦ ፀሐይ፣ ከነፋስ መከለያ፣ አበባ። የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ከሆነ ከአሸዋው ጉብታና ከዛፎቹ ደቡብ ምሥራቅ በኩል ሂዱ። እዚያ ጎልደንሮድ የሚሉት የባሕር ዳር ቢጫ አበባ አለ፤ ቅጠሉ ወፍራም፣ አበባው ጥቅጥቅ ያለ፣ ጨው የሚችል። ከሩቅ አደይ የወረሰው ሜዳ መስሎኝ ሆዴ ተላወሰ፣ ቀርቤ ሳየው ሌላ ነው። በዚህ ወቅት አብዛኛው ራሱ ደርቆ ቡናማ ሆኗል፤ ወለላ ያለው አሁንም ብሩህ ቢጫ የሆነው ብቻ ነው። አሥር ደረቅ እያለፋችሁ አንዱ ትኩስ ላይ ቁሙ። ዛፎቹ ደግሞ ጥድ ናቸው። ፈረንጆቹ ቀይ ሴዳር ይሉታል እንጂ ከኛ ሀበሻ ጥድ ጋር የአንድ ወገን ነው፤ ቅጠሉን በጣት አሽታችሁ ብታሸቱ ይገባችኋል።

ከጥዱ ሥር መረብ የያዙ ሸምገል ያሉ ሴት ነበሩ። ብዙ ጊዜ መረብ የያዘ ሰው ሳይ እናደዳለሁ፤ እኚህ ግን ሞናርክ ላይ ምልክት ከሚለጥፉት በጎ ፈቃደኞች አንዷ ናቸው። በዚህ ቦታ የሞናርክ ክትትል ከፈረንጆቹ 1990 ጀምሮ ይካሄዳል፤ በየመኸሩ በየቀኑ ሦስት ጊዜ የተወሰነ መንገድ በዝግታ እየነዱ ይቆጥራሉ። ሥራቸውን ቀርቤ እንዳይ ፈቀዱልኝ። ቢራቢሮውን አራቱን ክንፎች አንድ ላይ አጥፈው በሁለት ጣት ይይዛሉ፤ አንድ ክንፍ ብቻ መያዝ ይሰብረዋል። ከጣት ጥፍር ያነሰች ክብ ምልክት፣ ፊደልና ቁጥር የተጻፈባት፣ የኋላ ክንፉ ውጭ በኩል መሐል ላይ ባለው ጓንት በሚመስል ሰፊ ክፍል ላይ ትለጠፋለች፤ ለጥቂት ሰከንድ በጣት ይጫኗታል። ለምን ፊተኛው ክንፍ ላይ አይሆንም? ክብደቱ ለበረራው ሚዛን ቅርብ በሆነው በኋላ ክንፉ መሐል ሲሆን አያስቸግረውም። ቢራቢሮው ራሱ ግማሽ ግራም ያህል ነው። ከዚያ መዳፋቸው ላይ ክንፉን ዘረጋ፤ በየኋላ ክንፉ አንዱ ጅማት ላይ ጥቁር ነጥብ ነበረው። ወንድ ነው፤ ሴቷ ነጥቡ የላትም፣ ጅማቷም ወፈር ይላል። አሥር ቁጥር ያህል ቆየና ተነሳ።

የዚህ ወቅት ሞናርክ ከአሜሪካ በጋው፣ ፈረንጆቹ ሰመር ከሚሉት፣ የተለየ ነው። የበጋዎቹ ጥቂት ሳምንት ኖረው ወልደው ይሞታሉ፤ የመጨረሻው ትውልድ መራባቱን አቆይቶ እስከ ስምንት ወር ይኖራል፣ አቅጣጫውም የሜክሲኮ ተራራ ነው። ሁሉም አይደርሱም፤ ፍሎሪዳ የሚቀሩም አሉ። የኛው ሀገር የሞናርክ ዘመድ እንዲህ ያለ ዝና የለውም። ሲቆረጥ ነጭ ወተት በሚያፈሰው ጦቢያው ላይ አባ ጨጓሬውን የሚያሳድገው ያ ብርቱካናማ ቢራቢሮ፣ የአንድ ወገን ሆኖ ሳለ ቆሞ የሚያየው እንኳ የለም።

ስለ መሣሪያ፦ ባይኖኩላር 8 ጊዜ የሚያጎላ ይበቃል፤ ቁም ነገሩ በ2 ሜትር ርቀት ማጥራት መቻሉ ነው። ለወፍ የተገዙ ብዙዎቹ ከ4 ሜትር ወዲህ ይደበዝዛሉ፤ ሰው ወደ ኋላ እየተራመደ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገባ ያየሁት በዚህ ነው። ፎቶ ስታነሱ ካሜራው ከክንፉ ጋር ትይዩ ይሁን፣ አለዚያ ግማሹ ብቻ ይጠራል። ክንፉን ሲያጥፍም አንሱት፤ መለያው ብዙ ጊዜ ውጭው ላይ ነው። ጥላችሁ እንዳያርፍበት ፀሐዩን ከጎን አድርጉ። ቢራቢሮ ጥላ ሲያርፍበት ወፍ የመጣበት ይመስለዋል።

በአሸዋው መንገድ ላይ የምታገኙት ባክአይ የሚባለው ነው፤ ቡናማ ሆኖ በየክንፉ ላይ ትልልቅ ዓይን የተሳለበት። ሲቀርቡት ብድግ ይልና ሦስት ሜትር ርቆ ያርፋል። አትከተሉት። ባላችሁበት ሁለት ደቂቃ ብትቆሙ ብዙ ጊዜ ወደዚያው ወደሞቀው አሸዋ ይመለሳል። እኔ የተከተልኩትን ሁለቱን አጥቼ፣ የጠበቅኩትን አንዱን ከእግሬ ሥር አየሁት፦ ዓይኑ ውስጥ ሰማያዊና ሐምራዊ ብናኝ አለ፣ ከሩቅ ጥቁር የሚመስለው እሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፔንትድ ሌዲና በአሜሪካን ሌዲ መካከል ነው። የኋላ ክንፉን ውጭ እዩ፦ ሁለት ትልልቅ ዓይን ካለው አሜሪካን ሌዲ፣ አራት ትናንሽ በመስመር ካሉት ፔንትድ ሌዲ። ፔንትድ ሌዲ ኢትዮጵያም አለ፤ ስለዚህ ሳየው እንደ ሀገር ልጅ ነው የማየው። እንደ ደረቅ ቅጠል የተቦጫጨቀ ጠርዝ ያለው ቢራቢሮ ግንድ ላይ ካረፈ ደግሞ፣ ከክንፉ ሥር ብርማ ጭረትና ነጥብ ካያችሁ ኩዌስችን ማርክ ነው፤ ይህ ብርዱን በአዋቂነቱ የሚያሳልፍ ነው። ሎሚ ቢጫ ሆኖ ሳያርፍ የሚከንፈው ክላውድለስ ሰልፈር ግን ከደቡብ የመጣ እንግዳ ነው፤ ውርጭ ሲመጣ ያልቅለታል። ፎቶ አልሰጠኝም።

ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ አበባውን ትታችሁ ወደ ጥዶቹ ተመለሱ። ሞናርኮች ከነፋስ የተከለለ ቅርንጫፍ ላይ ለማደር ይሰበሰባሉ፤ ክንፋቸውን ሲያጥፉ ደረቅ ቅጠል ስለሚመስሉ ሰው አጠገባቸው ያልፋል። ዘዴው ቅርንጫፉን ሳይሆን የሚመጣውን መጠበቅ ነው፦ አዲስ መጪ ሊያርፍ ሲል ያሉት ክንፋቸውን ብልጭ ያደርጋሉ። በአንዱ ቅርንጫፍ 11 ቆጠርኩ። በመስከረም ለመጣ ሰው ይህ ምንም አይደለም።

በማግስቱ በመርከቡ ስመለስ ላይኛው ፎቅ ላይ ነፋሱ ከማይመታው ወገን ቆምኩ። ቡና የሚሸጠው ከመርከቡ ውስጥ ነበር፣ ውድም ቀጭንም ነው፤ ተዉት። በ85 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሞናርክ አየሁ። ሁለቱ ከአጥሩ በታች ውኃውን ታክከው፣ አንዱ ከፍ ብሎ ከመርከቡ ጋር እኩል እየሄደ፤ ክንፉን ጥቂት ይመታና ተንሳፍፎ ይሄዳል። ሉዊስ ከመድረሳችን በፊት ወደ ግራ አለፈ። ቤይ ብሪጅ ላይ ወደ ምዕራብ ሲመለሱ ክፍያ የለም።