አሰብ ላይ የታየ አፍንጫ

ኮምቦልቻ ከባሕር ብትርቅም፣ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ በእርሷ በኩል ስለሚያልፍ ባሕርን በዓይናቸው ያዩ አረጋውያን ሾፌሮች ከከተማችን አይጠፉም። ከእነርሱ አንዱ ጎረቤታችን ናቸው። ተሳቢ ይነዱ በነበረበት ዘመን አሰብ ላይ ጭነት ሲጠብቁ፣ አንድ ማለዳ ከጀልባ ላይ ሆነው «የጥጃ አፍንጫ የመሰለ ነገር ብቅ ብሎ ተንፍሶ ተመለሰ» ይላሉ። ቤተሰባቸው ነገሩን እንደ ቀልድ ይዞት ኖሯል። እኔ ግን የሥነ ሕይወት መምህር ነኝና ያዩት ዱጎንግ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ባለፈው ቅዳሜ እስክሪብቶና ወረቀት ይዤ ቤታቸው ሄድሁ።

ዱጎንግ በቀይ ባሕር፣ በዳህላክ ደሴቶች አካባቢም ጭምር፣ የባሕር ሣር እየጋጠ የሚኖር አጥቢ እንስሳ ሲሆን ርዝመቱ እስከ 3 ሜትር ይደርሳል። ሴቷ ከአንድ ዓመት በላይ አርግዛ አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች፤ ሁለተኛውን እስክትወልድም ከ3 እስከ 7 ዓመት ሊያልፍ ይችላል። በመሆኑም በየዓመቱ ጥቂት ሴቶች በአጥማጆች መረብ ተይዘው ቢሞቱ እንኳ ቁጥሩ ማንም ሳያስተውል ይመናመናል። የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ዱጎንጎች እ.ኤ.አ. በ2022 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድበዋል።

አስቸጋሪው ነገር ቆጠራው ነው። እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ላይ ጭላዳ የሚቆጥር ሰው ማለዳ ከገደሉ አፋፍ ተቀምጦ መንጋው እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ዱጎንግ ግን ለጥቂት ሰከንዶች አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ ይሰወራል። ስለዚህ ቆጣሪዎች 150 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚበር ትንሽ አውሮፕላን በቀጥተኛ መስመር ይመላለሳሉ። በአንድ ወገን ሁለት ሰዎች ይቀመጡና አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ይቆጥራል፤ ሁለቱም ያዩትና አንዱ ብቻ ያየው ሲነጻጸር፣ ሁለቱም የሳቱት ስንት እንደሆነ በስሌት ይገመታል። ዓይን ሊያየው ከሚችለው ጥልቀት በታች ላለው ደግሞ ተመራማሪዎች ዱጎንግ የሚመስል ቅርጽ ሠርተው ውኃ ውስጥ ቀስ በቀስ እያሰመጡ፣ ከላይ ሲታይ በስንት ሜትር ላይ እንደሚጠፋ ለክተዋል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ነገር ግን ያላዩትን ለመገመት የሚያዩበትን ወሰን አስቀድሞ ከመለካት ሌላ ምን መንገድ አለ?

ከሁሉ የማረከኝ ግን ትልሙ ነው። ዱጎንግ ሣሩን ከነሥሩ እየነቀለ ስለሚበላ በሄደበት ሁሉ ስንዝር ገደማ ስፋት ያለው ራቁት መስመር ጥሎ ያልፋል፤ እንስሳው ባይታይም መስመሩን ያገኘ ጠላቂ በዚያ እንደሚግጥ ያውቃል። በሬውን ሳያይ ትልሙን አይቶ ማን እንዳረሰ ለሚናገር የአገሬ ገበሬ ይህ እንግዳ ጥበብ አይሆንበትም።

የጠረፍ ነዋሪዎችን መጠየቅም አንዱ ዘዴ ነው። የጥያቄው ብልሃት መልሱን በሰውየው አፍ ውስጥ አለማስቀመጥ ስለሆነ፣ የዶልፊን፣ የኤሊ፣ የሻርክና የዱጎንግ ሥዕሎች ስማቸውን ሳልናገር ጎረቤቴ ፊት ደረደርሁ። ሳያመነቱ ዱጎንጉን አነሡ።

«ጋሼ፣ ጀርባው ላይ ክንፍ ነበረው?»

«የምን ክንፍ? ልሙጥ ነው እንጂ፣ እንደ ታጠበ ጋን።»

«ጭራውስ?»

«ጭራውን ማን አየው!»

ይህ መልስ ከሁሉም በላይ አስደሰተኝ፤ እኔን ለማስደሰት የፈለገ ሰው ቢሆን ጭራም ይጨምርልኝ ነበር። ዓመቱን ግን አሮጌዋን ፊያት ከለወጡበት ጊዜ ጋር ብቻ ነበር የሚያስታውሱት። አቦሉን ይቀዱ የነበሩት ባለቤታቸው «1973 ነው፤ የበኵር ልጃችን የተወለደ ዓመት» ብለው አስተካከሉልን።

ወረቀቴ ላይ አንድ እንስሳ፣ ጀርባው ክንፍ የሌለው፣ ጭራው ያልታየ፣ አሰብ፣ 1973 ዓ.ም. ብዬ ከጻፍሁ በኋላ በእርግጠኝነት መጠን ቦታ ላይ «መካከለኛ» አልሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ጣታቸውን እዚያች ቃል ላይ አሳርፈው፣ ሁለተኛው ቡና እስኪቀዳ ድረስ ተቆጡኝ። ቃሏን አልሰረዝኋትም።