ካቴጎሪ 1 ነው ተባለና

የምሠራው ሂውስተን ውስጥ ባለ የሐበሻ ግሮሰሪ ነው። ዕቃ ማዘዝና ሒሳብ መያዝ የኔ ድርሻ ነው። ከግሮሰሪው ጀርባ ወጥ ቤትና ሥጋ መቁረጫ አለን። እዚህ ከተማ ሃሪኬን (ከባሕር የሚነሳ ከባድ ማዕበል) ሲባል የሁሉም ሐሳብ ወደ ጎርፍ ይሄዳል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ሃርቪ የተባለው ሃሪኬን ሰፈሮችን በውሃ ሲውጥ ያየ ሰው ጎርፍ ቢፈራ አይፈረድበትም። በ2024 ቤሪል የተባለው ሲመጣ ግን እኛን የጎዳን ሌላ ነገር ነበር።

ቤሪል ካሪቢያን ላይ የመጨረሻው ከባድ ደረጃ፣ ካቴጎሪ 5 ደርሶ ነበር። ቆይቶ ደከመ። መጀመሪያ ወደ ሜክሲኮ ይሄዳል ተባለ። ቀጥሎ ወደ ደቡብ ቴክሳስ። የጁላይ 4 በዓል ሰሞን ደግሞ አቅጣጫው ወደ እኛ እየተጠጋ መጣ። የሱቁ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ዜናውን ሲሰሙ ደስ አላቸው። «ካቴጎሪ 1 እኮ ነው! ነፋስ ነው፣ ያልፋል» አሉ።

ቁጥሩ የሚለካው የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው። ካቴጎሪ 1 ማለት በሰዓት ከ119 እስከ 153 ኪሎ ሜትር ነው። ምን ያህል እንደሚዘንብ አይናገርም። መብራት ስንት ቀን እንደሚጠፋ ደግሞ ጭራሽ አይናገርም። በሂውስተን ደግሞ ትልልቅ ዛፎችና የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ጎን ለጎን ነው የሚኖሩት።

ለኛ ደግሞ ጊዜው ክፉ ነበር። የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 (ጁላይ 12) ይፈታል። በዚያ ዓመት ቀኑ ዓርብ ላይ ስለዋለ ሰው ሥጋ የሚፈልገው ለቅዳሜ ነው። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ክፍሉም ፍሪዘሩም በሥጋ ሞልቷል። ቤሪል የገባው ሐምሌ 1 (ጁላይ 8)፣ ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ነው።

ወጥ ቤቱን የሚመሩት እትዬ ግን ከዓርብ ጀምሮ አላረፉም። «ጋሼ፣ ነፋሱስ ያልፋል፤ መብራቱስ?» ብለው ጠየቁ። በግንቦት ሃሪኬን እንኳ ያልሆነ ማዕበል ከተማውን መትቶ ሚሊዮን ለሚጠጋ ደንበኛ መብራት ጠፍቶ ነበር። ያኔ የእንጀራ ሊጥ የደፉት እሳቸው ናቸው። ጋሼ «አይስጉ እትዬ» ብለው አለፉት። እትዬ ክርክር አላበዙም። በፕላስቲክ ዕቃ ውሃ እየሞሉ አቀዘቀዙ። የወጥ ቤቱን ፍሪዘር ባዶ ቦታ በሙሉ በበረዶው ሞሉት። እሑድ ማታ በሩን በፕላስተር አሽገው «አይከፈትም» የሚል ወረቀት ለጠፉበት።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ደህና ነበር። ውሃ አልገባም፣ መስታወት አልተሰበረም። ተቃቅፈን ተመስገን አልን። መብራት ግን የለም። ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንደኛው ጨለማ ውስጥ ነበሩ። ከሰዓት ደግሞ የሂውስተን ሙቀት ተመልሶ መጣ።

በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚይዘው 4 ሰዓት ያህል ነው። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። ግማሽ ከሆነ 24። ጋሼ ግን ሆዳቸው አልችል ብሎ ማቀዝቀዣ ክፍሉን በየጊዜው ከፍተው ይገባሉ። ሥጋውን በእጃቸው ዳብሰው ይወጣሉ። የሚቀዘቅዝ የጭነት መኪና ለመከራየት ያልደወሉበት ቦታ የለም። ሁሉም ተይዟል። ጄኔሬተርም ከየሱቁ አልቋል። አንድ ወዳጃቸው ትንሽ ጄኔሬተር ሲያመጣ፣ ወጣቱ ሥጋ ቆራጭ እንዳይሰረቅ ብሎ ከኋላው በር ወደ ውስጥ ሊያስገባው ነበር። እትዬ በሩ ላይ ቆመው «እኔን ገድለህ ነው የምታስገባው» አሉት። ልክ ናቸው። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ጄኔሬተር ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር መራቅ አለበት፤ በር ወይም መስኮት አጠገብም አይቀመጥም።

ማክሰኞ ጠዋት የእትዬ ፍሪዘር ሲከፈት ሥጋው እንደ ድንጋይ ነበር። በበረዶ ሣጥን ጭነን መብራት ወዳለበት ዳላስ፣ የጋሼ ዘመድ ሱቅ ላክነው። የማቀዝቀዣ ክፍሉ ሥጋ ግን ሞቋል። ለፍስክ የተዘጋጀ ሥጋ በጥቁር ላስቲክ እየታሰረ ሲጣል ማየት በጣም ከባድ ነው። ከመጣሉ በፊት ሁሉንም ፎቶ አንስቼ ከደረሰኙ ጋር ለኢንሹራንስ ላክሁ። የመጣው መልስ አጭር ነው። መብራቱ የተቋረጠው ከግቢያችሁ ውጭ ነው፤ ውላችሁ ይህን አይሸፍንም። የውሉን ወረቀት አየሁት። እውነታቸውን ነው። ለብቻው ተከፍሎበት የሚጨመር ሽፋን ነበር።

እኔ የምለው፣ ሱቁን የጎዳው «1» የምትለዋ ቁጥር ናት። ስለዚህ አሁን ቁጥር አንጠብቅም። የሃሪኬን ወቅት ጁን 1 ይገባል፤ እኛ ሥራችንን ሜይ ላይ እንጨርሳለን። የመኪና ኪራዩን ቀድመን እንዋዋላለን። ከዳላሱ ሱቅ ጋር ቦታ እንነጋገራለን። ማዕበል ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እንደገባ ትልቅ የሥጋ ትእዛዝ ይቆማል፤ ይህን የመወሰን ሥልጣን ጋሼ ለእትዬ ሰጥተዋል። የኢንሹራንስ ውሉን በየዓመቱ መስመር በመስመር አነባለሁ። የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ ለብቻው ነው የሚገዛው። የመንግሥቱ ፕሮግራም ከተገዛ በኋላ በአብዛኛው 30 ቀን ካላለፈው ሥራ አይጀምርም። ማዕበሉን በቴሌቪዥን አይቶ የሚሮጥ ሰው አይደርስበትም።

ቤት ላላችሁም ነገሩ ያው ነው። ለአንድ ሰው በቀን ወደ 4 ሊትር ውሃ አስቀምጡ። ሰነዶቻችሁን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ አሽጉ። በተለይ አደራ የምለው ግን የከሰሉን ነገር ነው። ምድጃው በኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ በዚያ ሳምንት ቡና ለማፍላት ከሰል ሊገዙ የመጡ ደንበኞች ነበሩን። እትዬ እያንዳንዱን «የት ነው የምታቀጣጥሉት?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። አፓርታማ ውስጥ ላለ ሰው አልሸጡም። ከቤሪል በኋላ እዚሁ ከተማ በጄኔሬተር ጭስ ሰው ሞቷል። በ2021ዱ የቴክሳስ ብርድ ጊዜም ከማኅበረሰባችን በዚሁ ጋዝ ሕይወት ጠፍቷል። አሁን ከከሰሉ መደርደሪያ አጠገብ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ እንሸጣለን፤ በገዛንበት ዋጋ።