አቢስኮ፦ የሰሜን ብርሃንን ፍለጋ ሦስት ሌሊት

ከስቶክሆልም የተነሳው የሌሊት ባቡር አቢስኮ እስኪያደርሰኝ 18 ሰዓት ያህል ፈጀበት። በሩ ተከፍቶ ስወርድ የመጀመሪያው ትንፋሽ አፍንጫዬ ውስጥ ያለውን ፀጉር ቀጥ አድርጎ አደረቀው። ብርዱ ከዜሮ በታች 17 ዲግሪ ነው። ቀና ብዬ ሳይ ግን ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ቁራጭ ደመና እንኳ የለም። ደስ አለኝ። የመጣሁት ለዚህ ሰማይ ነዋ።

የሰሜን ብርሃንን ለማየት ብዙ ቦታ መሄድ ይቻላል። ኖርዌይ አለ፣ አይስላንድ አለ፣ ፊንላንድ አለ። እኔ የስዊድኗን አቢስኮን የመረጥኩት በደመና ምክንያት ነው። አውሮራው፣ ማለትም የሰሜን ብርሃኑ፣ ምንም ያህል ቢበረታ ደመና ከመጣ አለቀ፤ እሱ የሚታየው 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ ደመናው ደግሞ በእኛና በእሱ መሃል ይጋረዳል። ከአትላንቲክ የሚመጣው እርጥብ አየር ወደ አቢስኮ ከመሻገሩ በፊት የኖርዌይን ተራሮች ይገጥማል። ዝናቡንም በረዶውንም እዚያው ያራግፋል። ለዚህ ነው መንደሯ በዓመት 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ የምታገኘው። አጠገቧ 70 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቶርነትሬስክ የሚባል ሐይቅ አለ። ዙሪያው ሁሉ በደመና ተሸፍኖ ከሐይቁ በላይ ያለው ሰማይ ብዙ ጊዜ ክፍት ሆኖ ስለሚገኝ ይህን ክፍት ቦታ "ሰማያዊው ቀዳዳ" ይሉታል።

ሌላም ጥቅም አላት። ከአርክቲክ ክበብ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ሰሜን ገባ ያለች ስለሆነች አውሮራው ቀለበት ሠርቶ ከሚውልበት ቀጠና ሥር ናት። የመሬት መግነጢስ ምን ያህል እንደተናወጠ የሚያሳይ ኬፒ የሚባል ከ0 እስከ 9 የሚሄድ መለኪያ አለ፣ ስልካችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። ዛሬ 2 ብቻ ነው ብላችሁ ብርድ ልብስ ውስጥ አትግቡ። እዚህ 2ም ይበቃል።

የመጀመሪያው ሌሊት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሐይቁ ላይ ወጣን። ላዩ ላይ ነው የምላችሁ፤ በማርች ወር ቶርነትሬስክ በወፍራም በረዶ የተዘጋ ነው፣ ሰው እንደ ሜዳ ይሄድበታል። በረዶው ደግሞ ዝም አይልም። ከሩቅ ጀምሮ "ዱም" የሚል ድምፅ በእግራችሁ ሥር አልፎ ወዲያ ማዶ ይሄዳል። መጀመሪያ ስሰማው ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አስጎብኚያችን በረዶው ሲሰፋና ሲጠብብ የሚያሰማው ድምፅ እንደሆነ ነገረን።

አንድ ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ በሰሜን በኩል ግራጫ ነገር ታየኝ፤ ጭስ ወይም ስስ ደመና ይመስላል። አስጎብኚው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳና አሳየን። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነው! ይህን ዘዴ ያዙልኝ፤ የምታዩት ደመና ይሁን አውሮራ ካልለየላችሁ ስልኩ ይለይላችኋል። ምክንያቱ ዓይናችን ነው። ብርሃን ሲያንስ ቀለም የሚለዩት የዓይናችን ሕዋሶች ሥራ ያቆሙና ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያዩት ይቀራሉ። ካሜራ ግን ለብዙ ሰከንድ ብርሃን እያጠራቀመ ስለሚቆይ ቀለሙን ያወጣዋል። "ፎቶው ላይ ያለውን ያህል አላየሁም" ብላችሁ ብትናደዱ ማንም አላታለላችሁም፣ ደካማ አውሮራ ለዓይን እንዲሁ ነው። ሲበረታ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እመጣበታለሁ።

ካሜራዬን ትራይፖድ ላይ አቁሜ ያን ሌሊት 90 ፎቶ አነሳሁ። ሰፊ ሌንስ፣ አፐርቸር (የሌንሱ መክፈቻ) 2.8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600፣ ብርሃን የሚያጠራቅምበት ጊዜ 10 ሰከንድ። ፎከሱን በእጅ አድርጌ አንዲት ደማቅ ኮከብ ስክሪኑ ላይ አጉልቼ ነጥብ እስክትሆን ድረስ አስተካከልኳት። ሁሉንም በትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ላፕቶፕ ላይ ስከፍታቸው ግን ሁሉም ፎቶ መሃሉ ላይ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት የመሰሉ ክቦች አሉበት። ሁሉም! ሌንሱ ተበላሸ ብዬ ሆዴ ቦጭ አለ።

ሌንሱ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የፊልተሩ ነበር፤ ሌንሱ እንዳይጫር ብዬ ሁልጊዜ የማደርግለት ያ ስስ መስታወት። የአውሮራው አረንጓዴ ከኦክስጅን የሚወጣ አንድ ወጥ ቀለም ነው፣ የሞገድ ርዝመቱ 557.7 ናኖሜትር። እንዲህ ያለ ብርሃን ጠፍጣፋው የፊልተር መስታወት ላይ ወዲህና ወዲያ ሲነጥር እርስ በርሱ እየተደራረበና እየተጠፋፋ ቀለበት ይሠራል። በቀን ብርሃን ቀለሙ ብዙ ስለሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ፊልተራችሁን አውልቁ። 90 ፎቶ የከፈልኩበት ነገር ነው።

ሁለተኛው ሌሊት ነፋስ ስለነበር ቶሎ ገባን። ቀኑን ግን በከንቱ አላሳለፍኩም። ወፍራም ጓንት አድርጌ ካሜራውን ሳላይ መነካካት ተለማመድኩ፤ አይኤስኦው የትኛው ቁልፍ ነው፣ ሰከንዱ የትኛው። ባትሪዎቼን ደረት ኪሴ ውስጥ ከሰውነቴ አስጠግቼ ያዝኩ፤ ብርድ ባትሪን ድራሹን ያጠፋዋል፣ ሲሞቅ ግን ትንሽ ይመለሳል።

ሦስተኛው ሌሊት።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አስጎብኚው ስልኩን አይቶ "ወደ ደቡብ ዞሯል" አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ወደ ፀሐይ በኩል የቆሙ ሳተላይቶች አሉ። ከፀሐይ የሚነፍሰው ነፋስ እኛ ጋ ሳይደርስ አንድ ሰዓት ገደማ ቀድመው ይለኩታል። ነፋሱ ተሸክሞት የሚመጣው መግነጢስ ወደ ደቡብ ሲያዞር የመሬትን መግነጢሳዊ ጋሻ በቀላሉ ይከፍተዋል። ያኔ ኤሌክትሮኖች የመሬትን መግነጢሳዊ መስመሮች ተከትለው ወደ ዋልታዎቹ ይወረወሩና ከአየራችን ጋር ሲላተሙ አየሩ ያበራል። ዝም ብለን ጠበቅን።

መጀመሪያ አንድ ቀስት ብቻ ነበር፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ የተዘረጋ፣ ጸጥ ያለ። ሃያ ደቂቃ ያህል አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ምሥራቁ ጫፍ ላይ ደመቅ አለ፣ ታጠፈ፣ እና በቃ፣ ፈነዳ ብል ይሻላል፤ መጋረጃው ተሰነጣጥቆ በሰማዩ ላይ እየሮጠ ወደ እኛ መጣ፣ ታችኛው ጫፉ ሮዝ ሆኖ እየተርገበገበ፣ በረዶው ራሱ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ። ጓንቴን አየሁት፣ አረንጓዴ ነው። አሁን ስልክ አያስፈልግም፣ ዓይን ራሱ ቀለሙን ያያል። ሮዙ ናይትሮጅን ነው፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚመጣው።

ጎንበስ ብዬ ሰከንዱን ወደ 2 አወረድኩት። በ10 ሰከንድ ቢሆን ያ ሁሉ እጥፋት አንድ ላይ ተቀላቅሎ አረንጓዴ ሾርባ ይሆን ነበር። ስክሪኑን እያየሁ፣ እያነሳሁ፣ ደግሜ እያየሁ ሳለ አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። ካሜራ ያልያዙ፣ ሦስቱንም ሌሊት አብረውን የወጡ አንድ ትልቅ ሴት ናቸው። "ቀና በል" አሉኝ። "ቀና በል፣ አናታችን ላይ ነው!"

ቀና አልኩ። ጨረሮቹ ከየአቅጣጫው ተነስተው ልክ ከአናቴ በላይ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ይህን ቅርጽ ኮሮና (ዘውድ) ይሉታል። በእውነቱ ጨረሮቹ ትይዩ ናቸው፤ ከሥራቸው ሆነህ ስታያቸው ነው እንደ ባቡር ሐዲድ ሩቅ ላይ የሚገናኙት። ይህን አውቃለሁ፣ አንብቤዋለሁ። ግን እዚያ ቆሜ ሳየው ሰማዩ የሚወርድብኝ መሰለኝ፣ እንባዬም መጣ፤ ሽፋሽፍቴ ላይ ደርቆ ሲይዘኝ ይሰማኛል። ካሜራውን በራሱ እያከታተለ እንዲያነሳ አድርጌ ተውኩት። ሴትዮዋና እኔ በረዶው ላይ በጀርባችን ተጋደምን።

ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ሰማዩ እዚህም እዚያም ብልጭ ድርግም በሚሉ ቁርጥራጮች ተሞላ፣ ቀስ እያለም ደበዘዘ።

ወደ ማረፊያችን ስንመለስ ካሜራውን ገና ውጭ ሳለን ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትቼ አሰርኩት። ከዚያ ብርድ በቀጥታ ሙቅ ክፍል ከገባ ሌንሱም ውስጡም በውሃ ይሸፈናል፤ እስኪሞቅ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል መታገስ ነው። ሴትዮዋ ፎቶውን ለማየት አልተኛም አሉ። የታሰረውን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ፊት ለፊቱ ተቀመጥን። እሳቸው ከላይ በኩል ቀይ አይቻለሁ ይላሉ፣ እኔ አላየሁም። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ኦክስጅን ቀይ ስለሚያበራ ሊሆን ይችላል አልኳቸው። "ሊሆን ይችላል አይደለም፣ አይቻለሁ" አሉኝ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከረጢቱን ፈታሁት። ቀዩ አለ።