ከፖለቲካ ወደ ችሎት

ዛሬ ቶሮንቶ ፍርድ ቤት ወረፋ ላይ ከፊቴ የቆሙ አንድ አባት «አንተ ልጅ፣ ፖለቲከኛ የነበረ ሰው ዳኛ ሲሆን ፓርቲውን የት ይጥለዋል?» አሉኝ። ሮይ ማክመርትሪን ነገርኳቸው።

ማክመርትሪ በፈረንጆቹ ከ1975 እስከ 1985 የካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበሩ፤ የወግ አጥባቂዎቹ ሰው። በኅዳር 1981 ኦታዋ ላይ የሕገ መንግሥቱ ድርድር አልንቀሳቀስ ሲል፣ ከሊበራሉ ዣን ክሬትየንና ከሌላዋ ክፍለ ግዛት ከሳስካችዋን ከመጡት የኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ ሰው ሮይ ሮማኖው ጋር ሹልክ ብለው ከስብሰባው አዳራሽ አጠገብ ያለች ወጥ ቤት ገቡ። ሦስት ፓርቲ፣ አንዲት ወጥ ቤት! የስምምነቱ ነጥቦች እዚያው በእጅ ተጻፉ። የካናዳ የመብቶች ቻርተር፣ ማለትም የሰዎችን መብት የሚያስከብረው የሕገ መንግሥቱ ክፍል፣ መንገድ ያገኘው በዚያ ነው።

ዳኛ የሆኑት በ1991 ነው፣ ከፖለቲካው ከወጡ ከስድስት ዓመት በኋላ። በ1996 የኦንታሪዮ ዋና ዳኛ ሆኑ። በ2003 ከሁለት ዳኞች ጋር የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በኦንታሪዮ ሕጋዊ ያደረገውን ውሳኔ ሲሰጡ የተመረኮዙት በዚያው ቻርተር ላይ ነበር። ደስ ያለውም የተናደደውም ብዙ ነው።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ወንበሩ ነው። እዚህ አገር የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ እስከ 75 ዓመቱ ይቀመጣል፣ የሾመው መንግሥት ስለከፋው ብቻ አያነሳውም። ማክመርትሪ በ2007 ጡረታ ወጡ። በዓመቱ ከሌላ ፓርቲ ፖለቲከኛ ከነበሩት፣ ከሊበራሉ አልቪን ከርሊንግ ጋር ሆነው በወጣቶች መካከል ያለው ጥቃት ከምን እንደሚመነጭ ለክፍለ ግዛቱ መንግሥት አጥንተው አቀረቡ።