ሞተሩ ውስጥ ይሁን ወይስ ውጭ? በሜሪላንድ ጀልባ ስንመርጥ

ሲልቨር ስፕሪንግ ለምንኖር ሰዎች የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ቅርባችን ቢሆንም፣ በማውቃቸው ሐበሾች ዘንድ ከአሸዋው አልፎ ውኃው ላይ የሚወጣ ጥቂት ነው። ጣና ዳር ስላደግሁ ትንሽ ጀልባ እንዲኖረን ዘወትር እመኝ ነበር፤ ባለቤቴ ስትስማማ ከሁለት ያገለገሉ ጀልባዎች አንዱን መምረጥ ግድ ሆነ።

ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ሥራ፣ ሁለቱም 19 ጫማ፣ ዋጋቸውም የተቀራረበ ነበር። የአንደኛው ሞተር ከኋላ በክዳን ተሸፍኖ ውስጥ የተቀመጠ ስተርንድራይቭ ሲሆን፣ የሌላው ከጀልባው ጀርባ ውጭ የተንጠለጠለ አውትቦርድ ነው። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ወደደች፤ ልጆቹ ዋኝተው የሚወጡበት የኋላ መድረክ ሰፊና ያልተቆራረጠ ነበርና እውነቷን ነው።

ጀልባ በመጠገን የሚተዳደር አንድ ታላቃችን አብሮን ሄዶ ነበር። ትሬለሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ በስልኩ መብራት እያየ፣ የስተርንድራይቩ ሞተር ኃይሉን የሚያስተላልፍበት ዘንግ ወደ ውጭ የሚወጣበትን ቀዳዳ የሚሸፍነውን እጥፍጥፍ ጎማ በአውራ ጣቱ ሲጫነው፣ በእጥፋቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ታዩ። «ና እየው፤ ይህ ከተቀደደ ጀልባው ቆሞ ሳለም ውኃ ይገባበታል» አለኝ። «ጋሼ፣ ቢቀየርስ?» ብለው፣ ይቀየራል፣ ነገር ግን በየጥቂት ዓመቱ መቀየሩ አይቀርም ሲል መለሰልኝ። የእኛ ክረምት ቅዝቃዜም ሌላ ጣጣ አለው፦ ውስጥ ያለው ሞተር የሚቀዘቅዝበት ውኃ ተንጠፍጥፎ ካልወጣ በረዶ ሆኖ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ አውትቦርድ ግን ቀጥ ብሎ ሲቆም ውኃው በራሱ ይወርዳል። ስተርንድራይቩን ከማስነሳት በፊትም የታመቀ የቤንዚን ትነት እንዳይፈነዳ ማራገቢያውን ለ4 ደቂቃ ያህል ማሠራት ያስፈልጋል።

የእኔን ልብ የወሰነው ግን ሌላ ነው። የቼሳፒክ አማካይ ጥልቀት 6.4 ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ፊቱ ክፍት የሆነ ትንሽ ጀልባም በአፍንጫው ውኃ ሊቀዳ ይችላል። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ከ20 ጫማ በታች ያለ ባለ አውትቦርድ ጀልባ ውኃ ሞልቶበትም ሰዎቹን እንደያዘ ተስተካክሎ እንዲንሳፈፍ ያስገድዳል፤ ለስተርንድራይቭ ግን የሚጠየቀው ከአካሉ የተወሰነው ክፍል ከውኃ በላይ እንዲቀር ብቻ ነው። ባለቤቴ ዋና አትችልም። ይህን ባስረዳኋት ጊዜ የመድረኩን ነገር ራሷ ተወችው፤ አውትቦርዱን ገዛን።

የሜሪላንድ 5 በመቶ የጀልባ ግብር ከዋጋው ላይ እንደሚጨመር ገዢ ሁሉ አስቀድሞ ይቁጠረው። ሐምሌ 1 ቀን 1972 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠርና ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ምስክር ወረቀት ሳይዝ መሪ መጨበጥ አይችልም። ከ21 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ ደግሞ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ላይፍ ጃኬት መልበስ ግዴታቸው ነው፤ በእኛ ጀልባ አዋቂዎችም እንለብሳለን።

ከሁሉም የከበደኝ መሪው አጠገብ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ የሰፈረውን የሰውና የክብደት ልክ ማስከበር ነው። እሑድ እንግዳ ሲበዛ «አንድ ሰው ቢጨመር ምን አለበት» ይባላል፤ ይሉኝታው ብርቱ ነው። ስለዚህ ገና ስንጋብዝ ቁጥሩን እንናገራለን፣ የተረፈው ሰው በዳርቻው ቡና እየጠጣ ተራውን ይጠብቃል።