ጨረቃ ካልታየች

ዛሬ በመሥሪያ ቤታችን የሚቀጥለው ወር ሥልጠና ቀን ሲወሰን፣ መርሐ ግብሩን የምትይዘው ባልደረባችን የግድግዳውን ካላንደር አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ዒድ አል ፈጥር ይውልበታል ተብሎ በቀይ ከታተመው ቀን ቀጥሎ ባለው ሳጥን ውስጥ «ጨረቃ ካልታየች» ብላ በእርሳስ ጻፈችና ሥልጠናውን ከሁለቱም ቀናት አሳልፋ ያዘችው። ማተብ ያሰረች ልጅ ናት። ከሒሳብ ክፍል የመጡ አንድ አዛውንት ጽሑፉን ጎንበስ ብለው አነበቡና «አላህ ይስጥሽ ልጄ፤ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ ሄጄ የማስታውሰው» አሏት።

የእሳቸው ንግግር ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ዒድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በአገራችን የሕዝብ በዓል ሆነው የታወቁት በ1967 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም የሆነው ሙስሊሞች፣ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም ጭምር፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው እኩልነትን ከጠየቁ በኋላ ነው። ሕጉ ከታወጀ ይህን ያህል ዘመን ቢቆጠርም፣ የማስታወሱ ሸክም እስከ ዛሬ በባለ በዓሉ ትከሻ ላይ መቅረቱ ያሳዝነኛል። ፋሲካ ቀኑ ቢለዋወጥም በባሕረ ሐሳብ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ዒድ አል ፈጥር ግን የሚረጋገጠው በዋዜማው ምሽት በመሆኑ፣ ዕቅድ አውጪው አንድ ቀን ካልተወለት፣ ሙስሊሙ ሠራተኛ ከቤተሰቡ ጋር ለበዓሉ በሚዘጋጅበት ሰዓት ለአለቃው ስልክ እየደወለ ፈቃድ ሲለምን ያመሻል።

የመሥሪያ ቤትም ሆነ የትምህርት ቤት ዕቅድ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ያቺን አንድ ቀን ሳትጠየቁ ክፍት እንድትተዉ ከልብ እለምናችኋለሁ።